የፍሬን ዘይት አይደርቅም፤ የሚሄድበት አለው

ጥያቄ፦ «እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራ ሃይሉክስ ፒክአፕ አለኝ፤ 2.8 ናፍጣ፣ ፊቱ ዲስክ፣ ኋላው ታምቡር። ከአራት ወር ወዲህ የፍሬን ዘይቱ በየሳምንቱ ጣት ያህል ይጎድላል። ሌሊት የሚያድርበት ሲሚንቶ ላይ ግን አንድ ጠብታ የለም። መብራት ላይ ቆሜ ፔዳሉን ስይዘው ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ ደጋግሜ ስረግጠው ከፍ ይላል። ባለፈው ከደብረ ብርሃን ጭኜ ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ፣ ደብረ ሲናን አልፌ ፔዳሉ ወለል ነካ። በማርሽና በእጅ ፍሬን እንደምንም አቆምኩት። ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ መልሶ ያዘ። የእጅ ፍሬኑም ከቆየ ላልቷል። አንዱ ጋራዥ ዘይቱ በሙቀት ይደርቃል ብሎ የፊት ሸራ ቀየረልኝ፤ ሌላው ማስተሩን ቀይር አለኝ፤ ሦስተኛው የግራ ኋላውን መስመር ዘግተን እንሞክረው አለ። የማንን ልስማ? እስከዚያው እየሞላሁ ብነዳውስ?»

ምላሽ፦ አንድ ቀንም አይንዱት። ባለበት ይቁም። ጋራዥ መሄድ ካለበትም በሌላ መኪና ላይ ተጭኖ ይሂድ እንጂ በገመድ እንዳያስጎትቱት፤ በገመድ የሚጎተት መኪና ራሱን ማቆም መቻል አለበት፣ የእርስዎ መኪና ያጣው ደግሞ ይህንኑ ነው። ከሦስቱ ጋራዦች የመጀመሪያው ተሳስቷል፣ ሁለተኛው ግማሽ እውነት ይዟል፣ ሦስተኛው የሚያቀርብልዎ ነገር አደገኛ ነው።

«በሙቀት ይደርቃል» ከሚለው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚያምነው ስለሆነ። የፍሬን ዘይት የሚሠራው በተዘጋ መስመር ውስጥ ነው፤ ሞተር የሞተር ዘይት እንደሚበላ ፍሬን ዘይቱን አይበላም። ደረጃው የሚወርደው በሁለት ምክንያት ብቻ ነው። አንዱ የፊት ሸራ ሲያልቅ ነው፦ ሸራው በሳሳ ቁጥር ፒስተኖቹ ወደ ዲስኩ ይጠጋሉ፣ ከኋላቸው የሚተዉትን ክፍተት ዘይት ይሞላዋል። ይህ በወራት ውስጥ የሚታይ ለውጥ ነው፤ ከላይኛው ምልክት እስከ ታችኛው ለመድረስ አንድ ሙሉ ሸራ ማለቅ አለበት። ሁለተኛው መፍሰስ ነው። በሳምንት ጣት ያህል መጉደል ከመፍሰስ በቀር ሌላ ስም የለውም። ሲሚንቶው ደረቅ መሆኑም አይፈስም ማለት አይደለም፤ ይልቅ ፍለጋችንን ያሳጥርልናል፤ ዘይቱ ሳይታይ ሊጠራቀም የሚችለው የተሸፈነ ቦታ ላይ ነው። በእርስዎ ፒክአፕ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ ሁለት ነው፦ የኋላ ታምቡሮች ውስጥ፣ ወይም ከማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ከሚገፋው ዋና ሲሊንደር) ጀርባ ያለው ትልቁ ክብ ጥቁር ቆርቆሮ፣ ማለትም የእግርን ጉልበት የሚያግዘው ሰርቮ ውስጥ።

ፔዳሉ ሲጠፋ ሁሉም ሰው «ፍሬን በጠሰ» ይላል፤ ግን እግር የሚሰማው ነገር እንደ ብልሽቱ ይለያያል። ተይዞ ሳለ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ፔዳል፣ ግፊቱን ማቆየት ያለበት ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ፣ እያመለጠው ነው፤ ወይ ወደ ውጭ፣ ወይ እዚያው ማስተሩ ውስጥ። መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ሁለቴ ሦስቴ ሲረገጥ ከፍ የሚል ከሆነ የኋላ ሸራ ከታምቡሩ ርቋል፤ አየር ገብቶም ሊሆን ይችላል። እንደ ስፖንጅ የሚለምጥ ከሆነ አየር ነው፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የሚነፋ አሮጌ የጎማ ቱቦ። እንደ ድንጋይ ደርቆ መኪናው አልቆም ካለ ሰርቮው ወይም ከዲናሞው ጀርባ ያለው የቫኪዩም ፓምፕ ነው። ፔዳሉ ከፍ እንዳለ ሆኖ የሚቃጠል ሽታ እየመጣ ካልያዘ ሸራው ግሏል። ቁልቁለት ላይ ጠፍቶ ሲበርድ ከተመለሰ ግን ዘይቱ ውስጥ የነበረው ውሃ ፈልቶ እንፋሎት ሆኗል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃል፣ ግፊቱ ጎማ ድረስ አይደርስም።

እርስዎ ጋ ከእነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ አሉ፤ መፍሰሱ፣ የኋላ ሸራ መራቁና የዘይቱ መፍላት። ደብረ ሲና ላይ ያጋጠምዎት የሦስቱ ድምር ነው። ለዚህም ነው አንድ ዕቃ ብቻ መቀየር ያልጠቀመዎት፤ ወደፊትም አይጠቅምም።

ስለ ሙቀቱ ትንሽ ልቆይ። ከደብረ ሲና በላይ ካለው ጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት መንገዱ ከ1,500 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከነጭነቱ 2,300 ኪሎ የሚመዝን ፒክአፕ 1,500 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 100 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ ሞተሩ በማርሽ የሚይዘውና ነፋሱ የሚወስደው አለ፤ የቀረው በሙሉ በአራት ጎማ ላይ ሙቀት ይሆናል። አዲስ ዶት 3 (የተለመደው የፍሬን ዘይት ደረጃ) ዘይት በትንሹ 205 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይችላል። ይህ ዘይት ግን ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው፤ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲጠጣ የመፍያ ነጥቡ እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ጨርሶ ያልተቀላቀለ የውሃ ጠብታ ካለማ ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። መስመርዎ ውስጥ ያለው ዘይት ስንት ዓመቱ ነው? እየጎደለ ከላይ ስለሞሉት አዲስ አይደለም፤ የሚፈላው ጎማው አጠገብ ያለው ነው፣ እሱ ደግሞ ሳይቀየር የቆየው ነው። ከፍታው ሌላም ያመጣል፦ ሰርቮው የሚገፋው በአየር ግፊት ስለሆነ ደጋ ላይ ከባሕር ጠለል ይልቅ ከሩብ በላይ ጉልበት ያጣል፤ ስለዚህ እግርዎ አጥብቆ ይረግጣል፣ የደከመው ጎሚኒም የበለጠ ይጫነዋል።

አሁን ወደ ፍለጋው። የኋላ ታምቡሮችን ሳያወልቁ ማንም ሰው ማስተር ግዙ እንዳይልዎ። የፊት ጎማዎችን ከፊትና ከኋላቸው በድንጋይ ወይም በእንጨት አስይዙ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ፣ በክሪክ አንስታችሁ መኪናውን ካቫሌቶ (የብረት መቆሚያ) ላይ አሳርፉ፤ በክሪክ ብቻ ቆሞ ከሥሩ መግባት ሞት ነው። ጎማው ከወጣ በኋላ ታምቡሩ አልላቀቅ ካለ በመዶሻ ጠርዙን እንዳትሰብሩት። የታምቡሩ ፊት ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ሁለት የ8 ሚሊሜትር ቡሎን አስገብታችሁ በየተራ ሩብ ሩብ ዙር ስታጠብቁ ራሱ ተገፍቶ ይወጣል። ውስጡ ያለውን አቧራ በኮምፕሬሰር እንዳትነፉት፤ በአሮጌ ሸራ አቧራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፣ ወደ ሳንባ ከገባ አይወጣም። ውሃ ረጭታችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁን ጣሉት።

ከሸራዎቹ በላይ በኩል አውራ ጣት የሚያህል ሲሊንደር አለ፤ በሁለቱም ጫፉ ላስቲክ ኮፍያ ለብሷል። የኮፍያውን ከንፈር በትንሽ ካቻቢቴ ቀስ ብላችሁ ገልጡት። ጣት የሚያርሰው ስስ እርጥበት ያለ ነገር ነው፤ ግን ዘይት ጠብ ካለ ወይም ከፈሰሰ ጎሚኒው ሥራውን አቁሟል። በአብዛኛው ኮፍያው ውስጥ ሻይ የሚመስል፣ የዛገ ጭቃ የተቀላቀለበት ዘይት ታገኛላችሁ። ከኮፍያው ያመለጠው በሳህኑ (ሸራዎቹ በተገጠሙበት የኋላ ቆርቆሮ) ላይ ወርዶ ከአቧራው ጋር ጥቁር ሊጥ ይሆናል፤ የቀረውን ሸራው ይጠጣዋል። ወደ መሬት የሚንጠባጠበው ሸራው ጠጥቶ ሲጠግብ ነው፤ እስከዚያ ወራት ይወስዳል። የእርስዎ አራት ወርና ደረቁ ሲሚንቶ የሚመስለኝ ይህ ነው፤ የኋላውን መስመር እንዝጋ ያለው ሰውም አንድ ነገር አይቶ ሳይሆን አይቀርም።

ሆኖም ታምቡር ውስጥ ያለ እርጥበት ሁሉ የፍሬን ዘይት አይደለም። የኋላው አክስል ፓራኦሊ (ዘይት የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት) ሲያረጅ የዲፈረንሻል ዘይት እዚያው ይገባል። መለየቱ ቀላል ነው፦ ከእርጥበቱ በጣት ወስዳችሁ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ንከሩት። የፍሬን ዘይት ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ይጠፋል፤ የዲፈረንሻል ዘይት ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ ድኝ ድኝም ይሸታል። ሁለቱም አንድ ላይ የሚገኙበት ጊዜ አለ። ፓራኦሊው ሳይቀየር አዲስ ሸራ ቢገባ በሳምንቱ ይበላሻል።

ኋላው ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ወደ ሰርቮው ሂዱ። ማስተሩን ከሰርቮው ጋር የያዙትን ሁለት ዳዶዎች ፍቱና የብረት ቱቦዎቹን ሳትነቅሉ ማስተሩን ሁለት ጣት ያህል ወደ ፊት ሳቡት። ጀርባው እርጥብ ከሆነ፣ ከሥሩ ያለው የሰርቮ ቀለም ተልጦ ከተሸበሸበ፣ የኋለኛው ጎሚኒ አልፎታል፤ ዘይቱን ሰርቮው እየጠጣው ነበር። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣልና የተላጠው ቀለም ጥሩ ምስክር ነው። ሰርቮው ውስጥ ብዙ ዘይት ከተኛ የውስጡ ላስቲክም ስለሚበላሽ ማስተሩን ብቻ መቀየር አይበቃም። ከዚያ በተረፈ ሦስቱን የጎማ ቱቦዎች፣ ሁለት ከፊት አንድ ከመሃል፣ እጠፍ አድርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ፤ የብረት ቱቦውን ከሻንሲው ጋር በሚያያዝባቸው ማቀፊያዎች ሥር እዩ፣ ጭቃ ይዞ የሚዝገው እዚያ ነው። ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተገናኘውን፣ እንደ ጭነቱ የኋላ ፍሬንን የሚመጥነውን ቫልቭም አትርሱ።

ማስተሩ ራሱ ጤነኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን በግምት መመለስ አያስፈልግም። ከማስተሩ የሚወጡትን ቱቦዎች ፈትታችሁ መውጫዎቹን በ10 ሚሊሜትር ቀጭን ጥርስ መዝጊያ ዝጉ፤ ጫፉ ከመቀመጫው ጋር የሚገጥም መሆን አለበት፣ ተራ ቡሎን ያፈሳል። አየሩን ካስወጣችሁ በኋላ ፔዳሉን አጥብቃችሁ ለአንድ ደቂቃ ያዙ። ከፍ ብሎ እንደ ድንጋይ ከቆመ ማስተሩ ይይዛል፣ ችግሩ ከእሱ በታች ነው። አሁንም ከሰመጠ ጎሚኒው ውስጥ ለውስጥ ያሳልፋል። የጎማ ቱቦዎቹን በፒንሳ ቆንጥጦ መፈተን ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ሠላሳ ዓመት ባገለገለ ቱቦ ላይ አይደረግም፣ ውስጡ ይሰነጠቃል።

የሰርቮው ፍተሻ ደግሞ መሣሪያ አይፈልግም። ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጡ፣ አጥብቃችሁ እንደያዛችሁ አስነሱት። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል። ምንም ካልተንቀሳቀሰ የቫኪዩም ቱቦውንና ፓምፑን እዩ።

ሁለተኛው ጋራዥ ግማሽ እውነት አለው ያልኩት ለዚህ ነው። መፍሰሱ ከኋላ ቢጀምርም ማስተሩ አሁን ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ማስተር ዘመኑን ሁሉ የሚሠራው በሲሊንደሩ የመጀመሪያ ክፍል ላይ ነው፤ ጎሚኒው የማይደርስበት ጫፍ ውሃና ዝገት ይጠራቀምበታል። ፔዳሉ ወለል የነካ ቀን ጎሚኒው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሻካራ ቦታ ላይ ሄደ፤ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ጋራዥ ውስጥ አየር ሲወጣም ረዳቱ ፔዳሉን እስከ ወለል ሲረግጥ ጤነኛ የነበረ ማስተር የሚሞተው በዚሁ ነው። ከፔዳሉ ሥር የግማሽ ጉዞውን የሚያስቀር እንጨት ማስቀመጥ ይህን ያድናል፤ ዋጋው ኢምንት ነው፣ ግን ብዙ ቦታ አይደረግም።

የእጅ ፍሬኑ ላልቷል ብለው በመጨረሻ ላይ ያነሱት ነገር ለእኔ ዋና ፍንጭ ነው። በዚህ ሃይሉክስ ላይ የኋላ ሸራ ራሱን ወደ ታምቡሩ የሚያስጠጋው የእጅ ፍሬን ሲሳብ ነው። ከሳህኑ ጀርባ የእጅ ፍሬኑ ሽቦ የሚያያዝበት ትንሽ የማጠፊያ ክንድ አለ፤ ጭቃና ውሃ ሲያገኘው ይዝግና ይደርቃል። ክንዱ ከደረቀ ማስተካከያው ጥርስ አይዞርም፤ ሸራው ባለቀ ቁጥር ከታምቡሩ ይርቃል፤ ፔዳሉ ከቀን ወደ ቀን ዝቅ ይላል። ሰው ያን ጊዜ ሽቦውን ያጠብቃል፤ ይህ ደግሞ ማስተካከያውን ይባስ ይቆልፈዋል። ስለዚህ ክንዱን አውልቃችሁ ዝገቱን አጽዱ፣ ግሪስ ቀቡ፣ በጣት የሚንቀሳቀስ እስኪሆን ድረስ። ላስቲክ ሽፋኑ ከተቀደደ ቀይሩት፤ ካልተቀየረ በሚቀጥለው ክረምት ወደነበረበት ይመለሳል።

አሁን ስለ መዝጋቱ። ማስተሩ ሁለት ፒስተን አለው፤ አንዱ የፊት፣ አንዱ የኋላ ጎማዎችን ይመግባል። ይህ የተሠራው አንዱ መስመር ሲፈስ ሌላው እንዲቀር ነው። የግራ ኋላው ቱቦ ተቆንጥጦ ቢዘጋ ከኋላ የሚይዘው የቀኙ ብቻ ይሆናል። ደረቅ አስፋልት ላይ መኪናው ትንሽ ከመጎተት በቀር ላያሳውቅ ይችላል። ዝናብ ሲጥል ወይም ኩርባ ላይ ባዶውን ሲሆን ግን አንዱ የኋላ ጎማ ተቆልፎ ጭራውን ያዞረዋል። የፊት ፍሬን ብቻውን የሚሸከመው ሙቀትም ይጨምራል፤ ቁልቁለት ላይ ያ ዘይት ይፈላል። መስመር ዘግቶ መንዳትን እንደ ጥገና የሚያቀርብ ሰው ጋ ፍሬን አያሠሩ።

ምን ይቀየር? ለዚህ መኪና ቁርጡን ልንገርዎ፦ ሁለቱም የኋላ ሲሊንደሮች ሙሉ በሙሉ፣ የሁለቱም ጎማ የኋላ ሸራ ከነሞላዎቹ፣ ሦስቱም የጎማ ቱቦዎች፣ ማስተሩ ሙሉ፣ ዘይቱ በሙሉ። የፈሰሰው በአንድ በኩል ብቻ ቢሆንም ኋላው በጥንድ ይቀየራል፤ አንዱ ጎማ ከሌላው በተለየ ከያዘ መኪናው ይጎትታል። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ ወይም በእሳት ተለብልቦ አይድንም። ላዩ የደረቀ ይመስላል፤ ሲግል ከውስጥ ይተፋዋል።

«ጎሚኒ ብቻ ብቀይርስ?» ማለትዎ አይቀርም፤ ዋጋው በጣም ይለያያልና። የሲሊንደሩ ውስጥ እንደ መስታወት ለስላሳ ከሆነ ይቻላል። ጥፍርዎን ውስጡ ሲያስኬዱ ከያዘዎት አይቻልም፤ አዲሱ ጎሚኒ በወራት ውስጥ ያንኑ ያደርጋል። የብረት ሲሊንደር በጥቂቱ ሊፋቅ ይችላል፤ አሉሚኒየም የሆነ በፍጹም አይፋቅም፣ ላዩ ላይ ያለው ጠንካራ ሽፋን ይነሳል። በዚህ ዕድሜ ላይ ያለ ማስተር ወለል ነክቶ ከተመለሰ በኋላ ጎሚኒ እንዲቀየርለት አልመክርም። ሶማሌ ተራ ሄደው ሲገዙ ያገለገለ ሲሊንደር፣ ያገለገለ የጎማ ቱቦ አይግዙ፤ ላስቲክ መደርደሪያ ላይም ያረጃል። ያገለገለ ታምቡር ግን ይቻላል፤ በላዩ ላይ የተቀረጸውን የመጨረሻ ስፋት ያንብቡና ያስለኩት። ከዚያ ካለፈ አስተርነው ሊሸጡልዎ ቢሉም ይተዉት።

የብረት ቱቦ ከዛገ የፍሪጅ መዳብ እንዳይገጥሙልዎ። ንዝረት ያደክመውና ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል። መሃሉ ተቆርጦ በጎማ ቱቦና በማሰሪያ መቀጠልም እንዲሁ፤ አጥብቀው ሲረግጡ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት 70 ባርና ከዚያ በላይ ይደርሳል፣ ጎማዎ ውስጥ ያለው ግን ከ2 እስከ 3 ባር ብቻ ነው። ትክክለኛው የፍሬን ቱቦ 4.75 ሚሊሜትር ነው፤ ጫፉ በመሣሪያ ሁለቴ ይታጠፋል።

ዘይት ሲገዙ የታሸገ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይሁን፤ ሁለቱ ይስማማሉ። ዶት 5 የተባለው ሲሊኮን ስለሆነ አይቀላቀልም። በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ አይውሰዱ፤ ምን እንደሆነም፣ ስንት ቀን ክፍቱን እንደዋለም አይታወቅም። የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት፣ የሃይድሮሊክ ዘይት ጠብታውም አይግባ። የፍሬን ጎሚኒ ማዕድን ዘይት ሲነካው ያብጣል፤ መጀመሪያ ፔዳሉ የተሻለ ይመስላል፣ ከዚያ ጎማዎቹ ተይዘው አይለቁም። አንድ ሰው ቀድሞ ጨምሮበት እንደሆነ ለማወቅ የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ክፈቱና የውስጥ ላስቲኩን እዩት፤ አብጦ ተዛብቶ ወደ ቦታው አልገባ ካለ ገብቷል፣ እንግዲያው በመስመሩ ላይ ያለ ላስቲክ ሁሉ መቀየር አለበት። በዚሁ ምክንያት የሲሊንደር ውስጥ በቤንዚን፣ በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ አይታጠብም፤ በንጹሕ የፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ይታጠባል።

አየር ማስወጣቱ ላይ ሁለት ስህተት ይደጋገማል። የመጀመሪያው ሻንሲው ተነሥቶ የኋላ አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ መሥራት ነው። የጭነት ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ የኋላውን ዘይት ያፍነዋል፣ አየሩ በደንብ አይወጣም። ካቫሌቶው ከአክስሉ ሥር ይሁን፣ ባሌስትራው ክብደቱን ይሸከም። ሁለተኛው ሸራው ሳይስተካከል መጀመር ነው። አስቀድሞ ከሳህኑ ጀርባ ባለው ቀዳዳ በካቻቢቴ የማስተካከያውን ጥርስ ታምቡሩ እስኪያዝ አዙሩ፣ ከዚያ ስምንት ጥርስ መልሱ፤ ቀሪውን የእጅ ፍሬኑን ጠቅታው እስኪጠፋ እየሳባችሁ እየለቀቃችሁ እንዲያስተካክል ተዉት። አዲሱን ማስተር ከመግጠማችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ አስራችሁ፣ ከመውጫዎቹ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለሱ ቱቦዎች አድርጋችሁ አየሩን አውጡ። ከዚያ ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። ጭነት ቫልቩ ላይም የአየር ማስወጫ ቡሎን አለ፤ እሱ ሳይነካ ስለሚቀር ነው ብዙ ሰው «አየሩ አልወጣ አለ» የሚለው። አንዱ ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው ቡሎኑን ሩብ ዙር ከፍቶ ይዘጋል፤ ፔዳሉ የሚለቀቀው ቡሎኑ ከተዘጋ በኋላ ብቻ ነው። ቀጭን ላስቲክ ቱቦ ከቡሎኑ ወደ ግልጽ ጠርሙስ ይግባ፣ ጫፉ ዘይት ውስጥ ይጥለቅ፤ አረፋው ቆሞ ቡናማው ንጹሕ እስኪሆን። አንድ ሊትር ያህል ይፈጃል። ማጠራቀሚያው በመሃል እንዳያልቅ፤ አንዴ ካለቀ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ነው። የወጣው ዘይት ተመልሶ አይሞላም። ቀለም ላይ ወይም ዓይን ላይ ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ።

የዳሽቦርዱ ቀይ የፍሬን መብራት በእነዚህ አራት ወራት ስለመብራቱ ምንም አላነሱም፤ እሱንም ያስመርምሩ። የእጅ ፍሬኑን ሲስቡ ካልበራ አምፖሉ ወይም ገመዱ ሞቷል። ሲስቡት በርቶ ዘይቱ ሲጎድል ዝም የሚል ከሆነ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ተጣብቋል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ሞተሩ በርቶ ፔዳሉን አንድ ደቂቃ ይያዙ፤ ቅንጣት መስመጥ የለበትም። በግቢ ውስጥ በእግር ፍጥነት፣ ከዚያ ሜዳ መንገድ ላይ በ20፣ በ40 ይሞክሩት፣ ቀጥ ብሎ መቆሙን ይዩ። የዘይቱን ደረጃ በፕላስተር ምልክት ያድርጉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት በየማለዳው ይዩት፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ አራቱንም ጎማ ከውስጥ በኩል በባትሪ ይፈትሹ። እስከዚያ ድረስ ጭነትም ቁልቁለትም አይሞክሩ።

ወደ ሸዋ ሮቢት ሲመለሱ ቁልቁለቱ ሳይጀምር በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ይግቡ፤ ከነጭነቱ ሽቅብ በሚወጡበት ማርሽ ይውረዱ። ፔዳሉ ላይ እግር አሳርፎ መውረድ ነው ዘይት የሚያፈላው። ፍጥነቱ ሲጨምር አጥብቀው ረግጠው በ10 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀንሱና ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፤ በመሃል ይብረድ። ፔዳሉ ከጠፋ ሞተሩን አያጥፉ፤ ሰርቮው ይቀራል፣ ቁልፉ ከወጣ መሪውም ሊቆለፍ ይችላል። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ እየረገጡ ማርሽ ይቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ይሳቡ፣ ወደ ተራራው ጎን ይጠጉ እንጂ ወደ ገደሉ አይውጡ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ደረጃው ከፕላስተሩ በታች ከወረደ፣ አራቱም ጎማ ደረቅ ከሆነ፣ ማስተሩን እንደገና ሁለት ጣት ሳቡና ጀርባውን እዩ። አዲስ ማስተርም አንዳንዴ ሻካራ ሆኖ ከፋብሪካ ይወጣል፤ የገዙበትን ደረሰኝ አይጣሉ።